«አታካች» እና «አሰልቺ»፦ የእንግሊዝኛው «ቲዲየስ» ፍቺና አገባብ

የአንባብያን የቋንቋ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ጤፍን በመስመር ስለ መዝራት በእንግሊዝኛ ሪፖርት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ሳለ፣ ሥራው ገበሬዎቹን እንደ ታከታቸው ለመግለጽ «ዘ ፋርመርስ አር ቬሪ ቲዲየስ» ብዬ ጻፍሁ። ቃሉን የወሰድሁት ከመዝገበ ቃላት ነው፤ እዚያም «አሰልቺ፣ አድካሚ» የሚል ፍቺ ተሰጥቶታል። ኃላፊዬ ግን ዓረፍተ ነገሩን በስብሰባ ላይ አንብቦ «ገበሬዎቻችንን እኮ ሰደብሃቸው» ሲል ተሰብሳቢው ሁሉ ሳቀ፤ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደ ሆነ ያስረዳኝ ሰው ግን አልነበረም። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? «ቦሪንግ» ከሚለው ቃልስ በምን ይለያል? እንዴት ባለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው የሚገባው?

ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከስሕተቱ እንነሣ። የጻፉት ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ በሚያውቅ ሰው ዓይን ሲነበብ «ገበሬዎቹ እጅግ አታካቾች ናቸው» ማለት ነው። ሥራው እነርሱን አታከታቸው አይልም፤ እነርሱ ሌላውን የሚያታክቱ፣ ወሬያቸው የማያልቅ፣ አብሯቸው የተቀመጠውን ሰው ትዕግሥት የሚያስጨርሱ ናቸው ይላል። ኃላፊዎ «ሰደብሃቸው» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በፍቺው ረገድም ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለው ስሕተት የሚመጣው ከስንፍና ወይም ካለማወቅ አይደለም፤ በአማርኛ አጥርቶ የሚያስብ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የሚገጥመው ስሕተት ነው፤ ሥሩም በሁለቱ ቋንቋዎች የግስ ጠባይ ውስጥ ስላለ ጥቂት ቆም ብለን ልንመለከተው ይገባል።

አማርኛ የሰውን የውስጥ ስሜት ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰውየውን የግሱ ባለቤት አያደርገውም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ ታከተኝ እንላለን፤ በነዚህ ግሶች ሁሉ ሰውየው ስሜቱ የደረሰበት ተሳቢ ሆኖ በግሱ መጨረሻ ላይ በምትታከል አንዲት ምዕላድ ይጠቆማል። ስለዚህ «ገበሬዎቹን ሥራው ታከታቸው» ስንል ገበሬዎቹም ሥራውም በአንዲት ቃል ውስጥ ተገናኝተዋል። የእንግሊዝኛው ቅጽል ግን ሁለቱን በአንድነት መያዝ አይችልም፤ ወይ ስሜቱን ባመጣው ነገር ላይ ያርፋል፣ ወይ ስሜቱ በደረሰበት ሰው ላይ ያርፋል። «ቲዲየስ» ከመጀመሪያው ወገን ነው። የሚያርፈው ሁልጊዜ በሚያታክተው ነገር ላይ ነው፤ በታከተው ሰው ላይ ፈጽሞ አያርፍም።

ይህ ልዩነት በገዛ ቋንቋችን ውስጥም በግልጽ ይታያል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 ቁጥር 6 ላይ «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጕንዳን ሂድ» ይላል። ታካች የተባለው ሥራ ቶሎ የሚታክተው፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የሚወድድ ሰው ነው። በዚሁ ቃል መነሻ ላይ አንዲት «አ» ብትጨመር «አታካች» ትሆንና ፍቺው ይገለበጣል፤ አሁን የምንናገረው ስለ ደከመው ሰው ሳይሆን ስለሚያደክመው ነገር ነው። ያቺ «አ» የምትሠራውን ሥራ ማስተዋል ለእርስዎ ጥያቄ ግማሹን መልስ ይሰጣል። «ቲዲየስ» በአማርኛ ታካች አይደለም፤ ታከተውም አይደለም፤ አታካች ነው።

ሪፖርትዎን ለማቅናት ሦስት መንገዶች አሉ፤ ሦስቱም ትክክል ቢሆኑም አንድ አይደሉም። «ሮው ፕላንቲንግ ኢዝ ቲዲየስ» ቢሉ በመስመር መዝራት አታካች ሥራ ነው ማለትዎ ነው፤ ይህ የእርስዎ የራስዎ ፍርድ ነው፣ ገበሬዎቹም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሉም። «ዘ ፋርመርስ ፋይንድ ሮው ፕላንቲንግ ቲዲየስ» ቢሉ ግን ገበሬዎቹ ሥራውን አታካች ሆኖ አግኝተውታል ማለት ነው፤ ባለቤቶቹ ገበሬዎቹ ሆነው ቅጽሉ ግን በሥራው ላይ ያርፋል። «ዘ ፋርመርስ አር ታይርድ ኦፍ ሮው ፕላንቲንግ» ደግሞ ገበሬዎቹ በመስመር መዝራት ሰልችቷቸዋል፣ በቅቷቸዋል ማለት ነው፤ ይህን ያነበበ የበላይ አካል ገበሬዎቹ ሥራውን ሊተዉት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ከደብዳቤዎ እንደ ተረዳሁት ለማለት የፈለጉት ሁለተኛውን ነው፤ ስለዚህ «ፋይንድ» የሚለውን ግስ ይዘው «ቲዲየስ»ን በመጨረሻ ማስቀመጥ ይበጃል። ከሰው ስሜት ጋር ሲነገር ይህ ቅጽል ከሚወድዳቸው አቀማመጦች አንዱና ዋነኛው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንለፍ፤ ለእኔም ከሁሉ የሚጥመኝ ይኸኛው ነው። መዝገበ ቃላት «ቲዲየስ»ንም «ቦሪንግ»ንም «አሰልቺ» እያሉ ሲተረጉሙ አንባቢው ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን እኛ ራሳችን «ሰለቸኝ» እና «ታከተኝ» የሚሉ ሁለት ግሶች አሉን፤ በየቀኑም ሳናስተውለው እየለየን እንናገራቸዋለን። ሽሮ በየቀኑ የቀረበለት ሰው «ሽሮ ሰለቸኝ» ይላል እንጂ «ሽሮ ታከተኝ» አይልም። ስንዴ ስትለቅም የዋለች ሴት ግን «መልቀም ታከተኝ» ልትል ትችላለች። መሰልቸት ከፍላጎት መጥፋት ይመጣል፤ ነገሩ ጣዕሙን አጥቷል፣ ልብ ወደ ሌላ ሄዷል። መታከት ግን ከማድረግ ይመጣል፤ እጅና ዓይን፣ ወገብና ትዕግሥት አብረው የሚያልቁበት ነው፤ ስለዚህም «ታከተኝ» አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ድርጊት ጋር ይነገራል፦ መናገር ታከተኝ፣ መመላለስ ታከተኝ፣ መጠበቅ ታከተኝ።

እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። «ቦሪንግ» ለምግብ፣ ለቀለም፣ ለከተማ፣ ለሰው፣ ለመጽሐፍ፣ ለሁሉ ይሆናል፤ ማንንም የማይስብ ነገር ሁሉ «ቦሪንግ» ሊባል ይችላል። «ቲዲየስ» ግን ጊዜን ይጠይቃል። አንድ ነገር «ቲዲየስ» ለመባል ረዥም መሆን፣ ወይም ያንኑ እየደጋገመ መመለስ፣ ወይም ጥቃቅን ነገሮችን አንድ በአንድ እያስቆጠረ ትዕግሥትን መፈተን አለበት። «ቲዲየስ ፉድ» የሚል እንግሊዛዊ አይገኝም፤ ምግቡን ማዘጋጀት «ቲዲየስ» ነው ሊል ግን ይችላል። ሽሮውና ስንዴ መልቀሙ በእኛ ግሶች እንደ ተለያዩ በነርሱም ቅጽሎች የሚለያዩት በዚሁ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ «ቲዲየስ»ን ለመተርጎም አእምሮዎ ወደ «አሰልቺ» ሲሮጥ ይያዙትና «አታካች» የሚለውን ቃል አስቀድመው ይሞክሩት፤ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ልክ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ይህን መልካም ቃል ጋዜጦቻችንና የትርጉም ሥራዎቻችን እምብዛም ሲጠቀሙበት ስለማላይ በዚህ አጋጣሚ ላስታውሰው እወድዳለሁ።

እርስዎ ከእርሻ ጋር ስለሚውሉ ምሳሌውን ከዚያው እናምጣ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተቈጥሮ ቢመዘን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ይህን የመሰለ ዘር በብተና መዝራት ለለመደ ገበሬ ቀላልና ፈጣን ነው፤ በመስመር ሲዘራ ግን መስመር ማውጣት፣ ጎንበስ ማለት፣ ዘሩን በጣት ጫፍ እያሳሱ መነስነስና ያንኑ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ መደጋገም አለ። ዘር ይቈጥባል፣ ለማረምም ይመቻል፤ ጉልበትና ጊዜ ግን ይበላል። የጤፍ አረም ማረምም እንዲሁ ነው፤ ሣር መሰሉ አረም በቡቃያነቱ ከጤፉ ጋር ስለሚመሳሰል አራሚው እያንዳንዷን ቡቃያ አስተውሎ ሲለይ ይውላል። ሁለቱም ሥራዎች «ቲዲየስ» ለሚለው ቃል ከሚገኙት ምሳሌዎች ሁሉ የተሟሉ ናቸው፤ ርዝመቱም፣ ድግግሞሹም፣ ጥቃቅንነቱም አለባቸው። ሆኖም ልብ ይበሉ፦ ገበሬው ሥራውን «ቲዲየስ» ማለቱ አይጠቅምም ማለቱ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቲዲየስ በት ኔሰሰሪ» ይላሉ፤ አታካች ነው፣ ግን ግድ ነው ማለታቸው ነው። «ቦሪንግ» ነገሩን ራሱን ዋጋ የሚያሳጣ ቃል ሲሆን «ቲዲየስ» አሠራሩን ብቻ ይናገራል።

በዚህ ምክንያት አንድ ነገር «ቲዲየስ» ሆኖ «ቦሪንግ» ላይሆን ይችላል። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በዋሸራ ቅኔ ቤት ግስ የሚያወርድ ተማሪ ለዚህ ምስክር ነው። ያንኑ ግስ በየእርባው እያገላበጠ፣ እየደጋገመ፣ እየተሳሳተና እየተመለሰ ወራት ያሳልፋል፤ ይህ አታካች ትምህርት ነው፣ የተማሩትም አይክዱትም። ነገር ግን ነገ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና እንደሚቈጥርበት ስለሚያውቅ ልቡ ከዚያ አይወጣም፤ አሰልቺ አይለውም። የዓባይ በረሃ መንገድም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ቁልቁለትና ዳገት መንገደኛውን የሚያታክተው ነው፤ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተቱ፣ በየጠመዝማዛው እየዞሩ መውረድና መውጣት ነው። በእንግሊዝኛ «ኤ ቲዲየስ ጀርኒ» ቢባል ያምርበታል። ያን ገደልና ያን ወንዝ በመስኮት እያየ «ቦሪንግ» የሚል ሰው ግን የተቀመጠበትን አላስተዋለም።

የቃሉ አመጣጥ ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የተለየ ነገር ይዟል። «ቲዲየስ» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታወቀው በ15ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ይህም በእኛ አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡበት መቶ ዘመን ነው። የመጣው ከላቲን ነው፤ በላቲን «ታይዲየም» መታከት፣ መሰልቸት ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው መድረሻ ደግሞ «የሞላበት» የሚል ስሜት አላት፤ በድምሩ «መታከት የሞላበት» ማለት ነው። የስሙ ሥር የሆነው ግስ «ታይዴት» ነው። ይህ ግስ ሰውን ባለቤት አያደርግም። ሮማዊው ታክቶት ሲናገር «እኔ» በሚለው ባለቤት አይጀምርም፤ «ታይዴት ሜ» ይላል። «ሜ» እኔን ማለት ነው፤ ግሱ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ነው፤ ቃል በቃል ስንፈታው «ታከተኝ» እንጂ ሌላ አይወጣውም። ላቲን እንዲህ ያሉ ግሶች ጥቂት ብቻ ነበሩት፤ ሐዘኔታን፣ መጸጸትን፣ ማፈርንና መታከትን በዚህ መንገድ ይናገር ነበር። ስለዚህ እርስዎ «ገበሬዎቹን ታከታቸው» የሚለውን በ«ቲዲየስ» ለመናገር ሲሞክሩ የቃሉን ጥንታዊ ሥር ሳያውቁት ነክተውት ነበር ማለት ነው፤ ያን ሰዋስው ያጣው እንግሊዝኛው ነው።

«ቦሪንግ» ከዚህ እጅግ ወጣት ነው። መሠረቱ የሆነው «ቦር» የሚል ግስ ሰውን በወሬ ወይም በነገር ማሰልቸት በሚለው ፍቺው በጽሑፍ የታየው በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ባየበት ጊዜ ቃሉ በአገሩ ገና አዲስ ነበር። «መቦርቦር» የሚል ፍቺ ያለው ሌላው «ቦር» ግን ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዘመናት ሲነገር የኖረ ነው።

ስለ ዕድሜያቸው ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። «ቲዲየስ» ሸምገል ያለ፣ ለጽሑፍ የሚስማማ፣ በሪፖርትም ሆነ በትምህርታዊ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ማንንም የማያስከፋ ቃል ነው፤ «ቦሪንግ» ደግሞ የሁሉ ሰው የአፍ ቃል ነው። በአንድ ሪፖርት ላይ «የመረጃ አሰባሰቡ ቦሪንግ ነበር» ተብሎ ቢጻፍ ጸሐፊው ሥራውን የናቀ ይመስላል፤ «ቲዲየስ ነበር» ተብሎ ቢጻፍ ግን ሥራው ምን ያህል ትዕግሥት እንደ ጠየቀ ማስረዳት ይሆናል። ለእርስዎ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቃሉ ከሥራ ሌላ ለንግግርና ለጽሑፍም ይነገራል። «ኤ ቲዲየስ ስፒች» ሲባል ግን «አታካች ንግግር» ከማለት ይልቅ «የተንዛዛ ንግግር» ቢባል አማርኛው ይበልጥ ይጠራል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ቃሉ የሚያመለክተው ርዝመቱንና ከነጥቡ መራቁን ነው። ለሰው ሲነገር ስድብ መሆኑን ከራስዎ ገጠመኝ አይተውታል። ሲወዳደር «ሞር ቲዲየስ»፣ ሲበልጥ «ሞስት ቲዲየስ» ይባላል፤ እንደ አጫጭሮቹ ቅጽሎች በመጨረሻው ላይ «ኧር» አይጨመርበትም። ስሙ «ቲዲየም» ነው። በሆሄያት ሲጻፍ ቲ፣ ኢ፣ ዲ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ ሲሆን፣ ሲነበብ መጀመሪያው ክፍለ ቃል ጠበቅና ረዘም ይላል። አንዳንድ እንግሊዛውያን በፍጥነት ሲናገሩ «ቲጀስ» የሚል ድምፅ ይወጣቸዋል፤ ያው ቃል ነውና አይደናገሩ።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች ቃላት አሉ፤ ሁሉንም «አሰልቺ» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት ግን ለአማርኛችንም ለእንግሊዝኛውም ግፍ ነው። ከነርሱ ውስጥ «ደል» የሚለው ሊተኮርበት የሚገባ ነው። እንግሊዝኛው ላልሰላ ቢላዋም፣ ላልፈካ ቀለምም፣ ነገር ቶሎ ለማይገባው ሰውም፣ ደስ ለማይል ውሎም «ደል» ይላል። እኛ ቢላዋውን ዱልዱም፣ ቀለሙን ደብዛዛ፣ ሰውየውን ፈዛዛ እንለዋለን፤ «ደነዝ» የሚለው ቃላችን ደግሞ ለቢላዋውም ለሰውየውም በመሆኑ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ስለቱን ካጣ ብረት ወደ አእምሮ ተሻግሯል። «ደል» እና «ዱልዱም» በድምፅ መቀራረባቸው ግን የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ዝምድና የላቸውም። «ሞኖቶነስ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቃል በቃል «ባለ አንድ ቃና» ማለት ነው፤ ከፍ ዝቅ ለሌለው ድምፅና ለውጥ ለሌለው ነገር ይነገራል። «መንዴይን» ደግሞ በላቲን ዓለም ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ፍቺው «ዓለማዊ» ነበረ፣ ዛሬ «ተራ፣ የዕለት ተዕለት» ማለት ሆኗል፤ የግድ የሚያሰለች አይደለም።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤት ፈተና ላይ «ቲዲየስ» ለሚለው ቃል ተመሳሳዩን ምረጡ ተብለን ከተሰጡን ምርጫዎች «ዲፊከልት» የሚለውን መረጥሁ፤ አድካሚ ማለት እንደ ሆነ ስለማውቅ ነው። መምህራችን ግን መልሱ «ቦሪንግ» ነው ብለው አረሙኝ። እናንተ ደግሞ ሁለቱ ይለያያሉ ትላላችሁ። ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከዳንግላ

መልስ፦ መምህርሽ ትክክል ናቸው፤ አንቺም ያሰብሽው ከባዶ አልተነሣም። «አድካሚ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን ነው የተደናገርሽው፦ ሥራው ከባድ ስለ ሆነ የሚያደክመውንም፣ ሥራው ማለቂያ ስላጣ የሚያደክመውንም። «ዲፊከልት» የመጀመሪያው ነው፤ ለማድረግ ችሎታ ወይም ኃይል የሚጠይቅ፣ ሁሉም ሰው የማይወጣው ማለት ነው። «ቲዲየስ» ግን ከክብደት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ እጅግ ቀላል ነገር እንኳ «ቲዲየስ» ሊሆን ይችላል።

እናቴ ለጋቢ ፈትል ስትፈትል አይ ነበር። ጥጡን መዳመጥ፣ መንደፍ፣ ማባዘት፣ ከዚያ በእንዝርት መፍተል ነው፤ ማጉና ድሩ እስኪበቃ ድረስ ክረምትና በጋ ይፈራረቁ ነበር። እንዝርት ማዞር ለእርሷ ከባድ አልነበረም፤ እያወራችም፣ እሳት እያየችም፣ ዓይኗን ጨፍና ትፈትል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሆኖም አመሻሽ ላይ እንዝርቱን ስታስቀምጥ «ዛሬስ ታከተኝ» ትል ነበር፤ «ከበደኝ» ብላም፣ «ሰለቸኝ» ብላም አላውቅም። ያ ፈትል በእንግሊዝኛ «ኢዚ» ነው፣ «ቲዲየስ»ም ነው፤ «ዲፊከልት» ግን አይደለም። በሌላ በኩል አንድ የሒሳብ ጥያቄ እጅግ «ዲፊከልት» ሆኖ ልብሽን ሊሰቅለው ይችላል፤ ያን «ቲዲየስ» አትዪውም። መቶ ቀላል መደመሮችን ተራ በተራ ሥሪ ብትባዪ ግን ያ «ቲዲየስ» ነው።

የፈተናውን ምርጫ በተመለከተ፣ ተመሳሳይ ቃል ምረጡ ሲባል ፍጹም እኩል የሆነውን ማለት ሳይሆን ከቀረቡት ውስጥ ይበልጥ የሚጠጋውን ማለት ነው። «ቲዲየስ» የሆነ ነገር አብዛኛውን ጊዜ «ቦሪንግ»ም ስለሚሆን ከተሰጡሽ ምርጫዎች የቅርቡ እርሱ ነው። በፈተና ላይ ይህን ምረጪ፤ በራስሽ ድርሰት ውስጥ ስትጽፊ ግን ከላይ ለግብርና ባለሙያው የተነገረውን ልዩነት ጠብቂ።

ስለ «ቦሪንግ» አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ በክፍል ውስጥ በብዛት የሚያጋጥም ስሕተት ነውና። ተማሪዎች ሲሰለቻቸው «አይ አም ቦሪንግ» ይላሉ፤ ይህም «እኔ አሰልቺ ነኝ» ማለት ነው። የሰለቸው ሰው «አይ አም ቦርድ» ነው የሚለው። «ቦርድ» በዚህ ፍቺው ለሥራ አመራር ቦርድ ከምንለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ በሆሄያቱ ግን ይለያያል፤ ስትጽፊ ተጠንቀቂ። ለመለየት አማርኛው ይረዳሻል፦ በቃሉ መነሻ ላይ «አ» ወይም «አስ» ያለበት፣ ማለትም አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስደሳች፣ አስፈሪ የሚባለው፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ መጨረሻው «ኢንግ» ይሆናል፤ ስሜቱ የደረሰበት ሰው ግን «ኢንግ» አይወስድም። «ስልቹ» የሚለውን ቃላችንን ግን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልትተረጉሚው ብትፈልጊ ትቸገሪያለሽ፤ «ኢዚሊ ቦርድ»፣ ቶሎ የሚሰለቸው፣ ብለሽ በሁለት ቃል መናገር ይኖርብሻል። «ቲዲየስ» ደግሞ «ኢንግ» የለበትም፤ ስለዚህ በሰው ላይ የሚያርፍ ጥንድ የለውም። ለታከተው ሰው «ታይርድ» ወይም «ዊሪ» የሚሉ ሌሎች ቃላት መዋስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን ጋዜጣ ከእንግሊዝኛ አንድ አጭር ጽሑፍ ስተረጉም «ቦሪንግ»ን «ደባሪ» አልሁት። አርታኢው «አሰልቺ» ብሎ ለወጠው። «ደባሪ» ስሕተት ነውን?

ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ስሕተት አይደለም፤ ቦታው ግን አይደለም። «ደበረኝ» እና «ድብርት» ከቆዩት የአማርኛ ቃላት ውስጥ ናቸው። «ደባሪ» ግን የከተማ ወጣቶች የአፍ ቃል ሆኖ የተስፋፋ ነው። በአሠራሩም ለየት ይላል፤ አሰልቺና አታካች በ«አ» ተነሥተው የሚያሰለቸውንና የሚያታክተውን ሲያመለክቱ፣ «ደባሪ» ያለዚህች ምዕላድ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በሰዋስዋዊ ልማዱ ብንሄድ ኖሮ «ታካች» የታከተው ሰው እንደ ሆነ ሁሉ «ደባሪ»ም ድብርት ያለበት ሰው መሆን ነበረበት፤ ተናጋሪው ግን ሌላ ፍቺ ሰጥቶታል፣ ቃልም በተናጋሪው ይኖራል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የሁለት ወጣቶች ጭውውት ከሆነ «ደባሪ» የንግግሩን ወዝ ስለሚጠብቅ አርታኢውን ቢያስረዱት ይገባዋል፤ ዜና ወይም ሐተታ ከሆነ ግን «አሰልቺ» ማለቱ ልክ ነው፣ ነገሩ ረዥምና ተደጋጋሚ ሥራ ከሆነም «አታካች» ይሁን።